የፓይተን ፓኬጅ በጋራ ላብ ውስጥ፦ ለሁሉም ዩዘር አንድ ላይ ወይስ ለእያንዳንዱ ለብቻው?

#1 የላብ_ኃላፊ (ክሩን የከፈተው)

ሰላም ወገን። አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የኮምፒውተር ላብ ላይ ነው የምሠራው። ሠላሳ ገደማ ዴስክቶፖች አሉን። በክረምቱ ሁሉንም ወደ ኡቡንቱ 24.04 አሻገርናቸው። ግማሾቹን ከ20.04 ደረጃ በደረጃ አሻሻልናቸው፣ ግማሾቹን ፎርማት አድርገን እንደ አዲስ ጫንናቸው። ተማሪው በየማሽኑ የራሱ አካውንት አለው፣ ቋሚ ወንበር ግን የለውም። ዛሬ በር አጠገብ ካገኘ እዚያ ይቀመጣል፣ ነገ መስኮት ጋ።

ለኮርሱ ነምፓይ፣ ፓንዳስ፣ ማትፕሎትሊብ፣ ሳይኪት-ለርንና ጁፒተር ያስፈልጋሉ። ድሮ የፓይተን ፓኬጅ መጫኛውን ፒፕን በአድሚን ሥልጣን (በሱዶ) ጠርቼ፣ «ሱዶ ፒፕ ኢንስቶል» ብዬ አንዴ ጭኜ እገላገል ነበር። አሁን ፒፕ «ይህ ፓይተን በሌላ አካል ነው የሚተዳደረው» ብሎ ይመልሰኛል። ያለ ሱዶ፣ ለአንድ አካውንት ብቻ እንዲጭን «ዳሽ ዳሽ ዩዘር» ብዬ ብጨምርም ያው ነው።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። ይሄን እንዴት ልለፈው? ደግሞስ እንደኛ ባለ ቦታ ለሁሉም አንድ ላይ መጫን ነው የሚሻለው ወይስ እያንዳንዱ ተማሪ በራሱ ሆም (በግል ፎልደሩ) ውስጥ? ኢንተርኔታችን እንደምታውቁት ነው፣ እሱንም አስቡልኝ።

#2 ቶሎ_ቶሎ

ፍሬንድ ይሄ እኮ ቀላል ነው። ኮማንዱ መጨረሻ ላይ «ዳሽ ዳሽ ብሬክ ሲስተም ፓኬጅስ» ጨምርበት። በቃ ያልፋል። ሁልጊዜ መጻፉ ከሰለቸህ ደግሞ ዩኤስአር፣ ሊብ፣ ፓይተን 3.12 ፎልደር ውስጥ ግባና «ኤክስተርናሊ ማኔጅድ» የሚለውን ፋይል አጥፋው። እኔ ላፕቶፔ ላይ እንደዛ አድርጌ ነው የምሠራው። እስካሁን ምንም አልሆነም።

#3 ሰርቨር_ጠባቂ

ወንድሜ የላብ_ኃላፊ፣ ይህን ምክር ላፕቶፕህ ላይ ሞክረው ካልክ ሞክረው። ሠላሳ ማሽን ላይ ግን እንዳትነካካው።

ኡቡንቱ ፓይተንን ያስገባው ለራሱ ሥራ ነው። ፋየርዎሉን የምታዝበት ዩኤፍደብሊው በፓይተን የተጻፈ ነው። አድ-አፕት-ሪፖዚተሪም እንዲሁ። አንተ ሳታውቀው የሴኩሪቲ ማሻሻያ የሚጭንልህ አንአተንድድ-አፕግሬድስም እንዲሁ። ኮማንድ ተሳስተህ ስትጽፍ «ይሄን ፓኬጅ ብትጭን ታገኘዋለህ» የሚልህም ፓይተን ነው።

አሁን የፋይሎቹን መንገድ ተከተል። የኡቡንቱ ፓኬጅ መጫኛ የሆነው አፕት የሚጭነው ዩኤስአር ሊብ ስር ባለው ዲስት-ፓኬጅስ ውስጥ ነው። ሱዶ ፒፕ የሚጭነው ዩኤስአር ሎካል ስር ባለው ዲስት-ፓኬጅስ ውስጥ ነው። ፓይተን ኢምፖርት ሲያደርግ መጀመሪያ የሚያየው ሎካሉን ነው። ስለዚህ አንድ ተማሪ የፈለገው ላይብረሪ አዲስ ዩአርኤልሊብ3 ጎትቶ ከመጣ፣ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የሲስተሙ መሣሪያዎችም አዲሱን ነው የሚያነሡት። የተፈተኑት ግን ከአሮጌው ጋር ነው። ክፋቱ ደግሞ በጫንክበት ቀን አይታይም። ቆይቶ፣ አንዱ መሣሪያ ያንን ላይብረሪ ሲጠራ ነው የሚወድቀው። ያኔ ማን ምን እንደጫነ የሚያስታውስ የለም። ተከራይ የቤቱን ምሶሶ ቀይሮ ሲወጣ ማለት ነው።

ያየኸው ኤረር ፔፕ 668 ከሚባለው ስምምነት የመጣ ነው። ኡቡንቱ ከ23.04 ጀምሮ አስገባው፣ ዴቢያን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣው 12ኛው ላይ። ሐሳቡ አጭር ነው፦ የሲስተሙን ፓይተን አፕት ብቻ ይንካው፣ ፒፕ ሌላ ቦታ ይሂድ።

#4 ቶሎ_ቶሎ

ጋሼ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ ትንሽ አስፈራሩት መሰለኝ። ስንት ሰው ዓመታት ሙሉ ሱዶ ፒፕ ሲጭን ኖሯል። እሺ ሱዶው ይቅር። በዩዘር ቢሆንስ? ሆም ውስጥ ያለው ድብቁ ነጥብ-ሎካል ፎልደር የተማሪው የራሱ ነው። ሲስተሙን አይነካም፣ ቢበላሽም የሚበላሸው ለሱ ብቻ ነው። ታዲያ ፒፕ ይሄንንም ለምን ይከለክላል? ይሄ ነው ያልገባኝ።

#5 የዳታ_ልጅ

ቶሎ_ቶሎ ጥያቄህ ጥሩ ነው። «ቢበላሽ ለሱ ብቻ ነው» ያልከው ግን ሙሉ በሙሉ እውነት አይደለም።

በዩዘር የተጫነ ፓኬጅ ከሲስተሙ ይቀድማል። አሠራሩ ከፓይተን 2.6 ጀምሮ እንደዛ ነው። ተማሪው በራሱ አካውንት ገብቶ በሲስተሙ ፓይተን የሚሮጥ ማንኛውንም ነገር ሲከፍት፣ ፕሮግራሙ መጀመሪያ የሚያየው የተማሪውን ነጥብ-ሎካል ነው። እና አንድ የሲስተም መሣሪያ ለአንዱ ተማሪ አልከፍትም ይላል፣ ጎኑ ለተቀመጠው ይከፍታል። የላብ ሰው ደግሞ በአድሚን አካውንት ገብቶ ሲያየው ደህና ነው። «እኔ ጋ ይሠራል እኮ» ብሎ ይሄዳል።

ሁለተኛው ጣጣ ሱዶና ክሮን (በተወሰነ ሰዓት ሥራ የሚያስነሣው) ላይ ነው። ሥራ ቦታዬ በጣም የተለመደ ነገር ነው። ልጁ ስክሪፕቱን በተርሚናል ያስኬደዋል፣ ይሠራል። ክሮን ላይ ያስገባዋል፣ ጠዋት ሲመጣ «ሞጁሉ አልተገኘም»። በኢንተርኔት ሲፈልግ ይውላል። ኋላ ሲታይ ክሮኑ የገባው በሩት (በዋናው አድሚን አካውንት) ነው። ሩት የራሱ ሆም አለው። የልጁን ነጥብ-ሎካል ከየት ያውቀዋል? እንዲህ ሲያጋጥማችሁ «ፓይተን3 ዳሽ ኤም ሳይት» በሉ። ፓይተን የሚያያቸውን ፎልደሮች በሙሉ በቅደም ተከተል ይዘረግፍላችኋል። አንዴ በራሳችሁ፣ አንዴ በሱዶ አስኪዱትና ሁለቱን አስተያዩ። ልዩነቱ ወዲያው ይታያችኋል።

ሦስተኛው፣ ፎልደሩ በፓይተን ቨርዥን የተከፈለ ነው። ከ22.04 ወደ 24.04 ስትሻገሩ ፓይተን ከ3.10 ወደ 3.12 ይሄዳል። የጫናችሁት ሁሉ በ3.10 ፎልደር ውስጥ ቁጭ ብሎ ይቀራል። ዲስኩን ይበላል እንጂ ማንም አያየውም።

ሰው ሳያውቀው በዩዘር እየጫነ የኖረውም ብዙ ነው። ፒፕ ከ20.0 ጀምሮ የሲስተሙ ፎልደር ላይ መጻፍ ካልቻለ ዝም ብሎ ወደ ዩዘሩ ይዞር ነበር። አንድ መስመር ጽፎ ያልፋል፣ ማን ያነበዋል።

#6 ቆጠራና_ስሌት

እኔ የስታቲስቲክስ ሰው ነኝ፣ ቤቴ አር የሚባለው ቋንቋ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ሁሉንም ቋንቋ በአንድ ሚዛን እየመዘናችሁት ይመስለኛል።

በአር ዓለም ለሁሉም ዩዘር አንድ ላይ መጫን ያን ያህል አያስፈራም። ኡቡንቱ በአር የሚያሠራው ነገር የለም። አር ነገ ቢጠፋ ማሽኑ እንደወትሮው ይነሣል። ስለዚህ አድሚኑ ዩኤስአር ሎካል ስር ባለው ሳይት-ላይብረሪ ውስጥ ጂጂፕሎት2ን ቢጭን የሚሰበር ሲስተም የለም። ተማሪ ራሱ ሊጭን ሲል ደግሞ አር በትሕትና ይጠይቃል፦ እዚህ መጻፍ አይቻልም፣ የግል ላይብረሪ ልክፈትልህ? አዎ ይላል፣ ሆሙ ውስጥ ይከፈታል። እሱም በቨርዥን የተከፈለ ነው። ከ4.3 ወደ 4.4 የሄደ ሰው ባዶ ላይብረሪ ያገኛል። የዳታ_ልጅ ያልሽው ሦስተኛው ጣጣ እኛም ጋ አለ።

እና መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ይመስለኛል፦ ቋንቋውን ሲስተሙ ራሱ ይጠቀምበታል ወይ? ኡቡንቱ ላይ ፓይተንና ፐርል አዎ። አር አይደለም። የጃቫስክሪፕቱ ኖድም በነባሪው አይደለም፣ እሱ ጋ ግን ሌላ ችግር አለ። «ኤንፒኤም ኢንስቶል ዳሽ ጂ» ስትል ፈቃድ የለህም ይላል፣ ሰው ተናድዶ ሱዶ ይጨምራል፣ ከዚያ ሆሙ ውስጥ ሳይቀር የሩት ንብረት የሆኑ ፋይሎች ይፈለፈላሉ። ለኖድ፣ ሆም ውስጥ የሚጭነውን ኤንቪኤምን ተጠቀሙና ተገላገሉ።

#7 የላብ_ኃላፊ

ሁላችሁም ተባረኩ። ጋሼ ሰርቨር_ጠባቂ፣ የነገሩኝ ገብቶኛል። የዳታ_ልጅ፣ ክሮኑን እኛም ጋ አይተነዋል፣ ምክንያቱን ግን ዛሬ ገና አወቅኩት።

ግን እንግዲህ ሱዶውም አይሆንም፣ ዩዘሩም አይሆንም ካላችሁኝ የቀረው ቬንቭ (ለብቻው የተከለለ የፓይተን ፎልደር) ነው። እያንዳንዱ ተማሪ በየማሽኑ የራሱን ቬንቭ ከፍቶ ሳይኪት-ለርንን ከነጓዙ ቢያወርድ ላቡ ቀኑን ሙሉ ማውረድ ብቻ ሆነ ማለት ነው። ዲስኩስ?

#8 ከራይን_ማዶ

ሰላም ለሁላችሁ። ጀርመን ነው ያለሁት፣ የምርምር ክላስተር ላይ ነው የምሠራው። ኢንተርኔቱ ፈጣን ነው፣ ችግሩ ግን ያው ነው። ሰው ሁሉ ሆሙ ውስጥ የየራሱን ፓይቶርች ይጭናል። ከነኩዳው ብዙ ጊጋ ነው። የሆም ኮታው ያልቃል፣ ትናንሽ ፋይሎቹ ብቻ የፋይል ሰርቨሩን ያስጨንቁታል።

እኛ የምናደርገው ሁለቱንም አይደለም። አድሚኑ አንድ የጋራ ቬንቭ ይሠራል። ለሁሉም ይታያል፣ ከአድሚኑ በቀር ማንም አይጽፍበትም፣ የሲስተሙንም ፓይተን አይነካም። ለአንተ ላብ እንዲህ ይሆናል። በመጀመሪያ በአፕት ፓይተን3-ቬንቭ የሚባለውን ጫን። ኡቡንቱ ለብቻው ነው የሚያስቀምጠው፣ ከሌለ «ኢንሹርፒፕ የለም» ይልሃል። ከዚያ ኦፒቲ ፎልደር ውስጥ በሱዶ «ፓይተን3 ዳሽ ኤም ቬንቭ» ብለህ አንዱን ክፈት፣ ስሙን ለምሳሌ «ላብ» በለው። ፓኬጆቹን የምትጭነው በሱዶ ነው፣ ግን ቬንቩ ቢን ውስጥ ባለው በራሱ ፒፕ። ሙሉ መንገዱን ጻፈው። «ሱዶ ፒፕ» ብቻ ካልክ ቬንቩ አክቲቬት ሆኖ እንኳ ሱዶ የሲስተሙን ፒፕ ነው የሚጠራልህ።

ሲያልቅ በተማሪ አካውንት ግባና ፈትሽ። የሩት ኡማስክ (አዲስ ፋይል ለማን እንደሚፈቀድ የሚወስነው) ጠባብ ከሆነ ተማሪው ፋይሎቹን ማንበብ አይችልም። ደግሞ ፎልደሩን በኋላ ስሙን እንዳትቀይረው፣ ሌላ ቦታም እንዳታዛውረው። ቢን ውስጥ ያሉት ስክሪፕቶች የመጀመሪያ መስመር ላይ ሙሉ መንገዱ ተጽፎባቸዋል። ካዛወርከው ፒፕን ትጠራዋለህ፣ «እንዲህ ያለ ፋይል የለም» ይልሃል፣ ፋይሉ ግን ዓይንህ ስር ነው።

#9 የዳታ_ልጅ

ይሄ ጥሩ ነው። አንድ ተማሪ ከጋራው በተጨማሪ የራሱ ፓኬጅ ቢያስፈልገውስ? የራሱን ቬንቭ «ዳሽ ዳሽ ሲስተም ሳይት ፓኬጅስ» ብሎ ቢከፍት የጋራውን ያገኘዋል ማለት ነው?

#10 ከራይን_ማዶ

አያገኘውም፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ያ ምርጫ የሚያሳየው ዋናውን የሲስተም ፓይተን እንጂ ሌላ ቬንቭ አይደለም፣ በጋራው ቬንቭ ፓይተን ብትከፍቺው እንኳ። መውጫው ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ናት። በተማሪው ቬንቭ ሳይት-ፓኬጅስ ውስጥ መጨረሻዋ ነጥብ-ፒቲኤች የሆነ ፋይል ፍጠሪ፣ ውስጧ የጋራውን ሳይት-ፓኬጅስ ሙሉ መንገድ በአንድ መስመር ጻፊ። የተማሪው ፓኬጅ ይቀድማል፣ እዚያ ያጣውን ከጋራው ያነባል። ሁለቱ ፓይተኖች አንድ ቨርዥን መሆን አለባቸው፣ ካልሆነ ነምፓይ ገና ሲነሣ ይወድቃል።

#11 ቶሎ_ቶሎ

እሺ ተሸነፍኩ አልልም ግን ገባኝ 😄 አንድ ነገር ልጠይቅ። ዶከር ውስጥስ? እዚያ ሁሉም በሩት ነው የሚጭነው፣ ማንም አይቆጣም።

#12 ሰርቨር_ጠባቂ

ዶከር ሌላ ነው። ኮንቴይነሩ የተሠራው ለአንድ ሥራ ነው፣ ከተበላሸ ትጥለዋለህ። ኦፊሴላዊው የፓይተን ኢሜጅ ላይ ደግሞ ፓይተኑ ዩኤስአር ሎካል ውስጥ ለብቻው የተጫነ እንጂ የዴቢያኑ አይደለም። ለዚህ ነው እዚያ ኤረሩ የማይመጣው። የኡቡንቱን ኢሜጅ ወስደህ ፓይተንን በአፕት ከጫንክ ግን ያው ኤረር ይጠብቅሃል።

ሱዶ ፒፕ ላይ ግን አንድ ነገር ማንም አላነሣም። አንዳንድ ፓኬጅ ሲጫን የራሱን ኮድ ያስኬዳል። ዊል ሆኖ የተዘጋጀው ተከፍቶ መቀመጥ ብቻ ነው፣ በሶርስ የመጣው ግን ሴትአፕ ፋይሉ እዚያው ይሮጣል። በሱዶ ከሆነ በሩት ይሮጣል። የፓኬጅ ስም አንድ ፊደል ተሳስቶ መጻፍ ደግሞ ለማንም ይደርሳል። ያንን ስሕተት ጠብቀው ተመሳሳይ ስም አስመዝግበው የሚቀመጡ አሉ። ትክክለኛ ስም ጽፈህም አታመልጥም። እ.ኤ.አ. በ2021 ዩኤ-ፓርሰር-ጄኤስ የሚባለው ስመ ጥር የኤንፒኤም ፓኬጅ፣ የባለቤቱ አካውንት ተጠልፎ ተንኮለኛ ኮድ ያለባቸው ቨርዥኖች ወጥተውበት ነበር። እንዲህ ያለው በተማሪ አካውንት ሲገባ የተማሪውን ሆም ነው የሚያገኘው። ያም ቀላል አይደለም። በሩት ሲገባ ግን ማሽኑን በሙሉ።

ስለዚህ የላብ_ኃላፊ፣ ሱዶ ያለው አንተ ጋ ብቻ ይሁን። የምትጭነውንም ዝርዝር ሪኳየርመንትስ ፋይል ውስጥ ከነቨርዥኑ ጻፈው። ሠላሳው ማሽን ከአንድ ዝርዝር ይጫን።

#13 ቆጠራና_ስሌት

ስለ ኢንተርኔቱ ማንም አልመለሰለትም እኮ። በአንድ ማሽን ላይ «ፒፕ ዳውንሎድ» በል፣ ከነተከታዮቻቸው አንድ ፎልደር ውስጥ ይወርዳሉ። ፎልደሩን በፍላሽ ያዝና ሌሎቹ ላይ «ዳሽ ዳሽ ኖ ኢንዴክስ» ከ«ዳሽ ዳሽ ፋይንድ ሊንክስ» ጋር ብለህ ፎልደሩን አሳየው። ኢንተርኔት ጭራሽ አይነካም። የሚያወርደው ማሽንና የሚጭኑት ፓይተናቸውና ፕሮሰሰራቸው አንድ ዓይነት ይሁን፣ አንተ ጋ ሁሉም 24.04 ስለሆነ ችግር የለውም።

ከዚያም በፊት ግን፣ የምትፈልጋቸው አብዛኞቹ አፕት ውስጥ አሉ። ፓይተን3-ነምፓይ፣ ፓይተን3-ፓንዳስ ብለህ ፈልግ። 24.04 ላይ ነምፓይ 1.26፣ ፓንዳስ 2.1 ነው ያለው። አዲሱ አይደለም። ለመጀመሪያ ዓመት ኮርስ ግን ምን አነሰው? ለሁሉም ዩዘር ይጫናል፣ ከሲስተሙ ጋር አብሮ ይታደሳል፣ ማንም አይጣላም።

#14 ከራይን_ማዶ

አፕቱ ላይ ትንሽ እለያለሁ። መምህሩ የሚያስተምርበት ጽሑፍ በአዲሱ ፓንዳስ የተዘጋጀ ከሆነ ተማሪው ምሳሌውን ሲገለብጥ ኤረር ያገኛል፣ ጥፋቱንም በራሱ ላይ ያደርጋል። ቨርዥኑን ኮርሱ ይወስነው። ለሌላው ነገር አፕት ይበቃል።

#15 የላብ_ኃላፊ

ዛሬ አምስት ማሽን ላይ ሞከርኩት። የከራይን_ማዶን መንገድ ነው የያዝኩት፦ ኦፒቲ ውስጥ አንድ የጋራ ቬንቭ፣ ዊሎቹ በፍላሽ። መምህሩ አዲሱን ፓንዳስ ነው የሚፈልገው፣ ስለዚህ አፕቱን ተውኩት። ጁፒተር እንዲያገኘው ደግሞ በዚያው ቬንቭ ፓይተን «አይፓይከርነል ኢንስቶል» አልኩ፣ በሱዶ፣ ያለ «ዳሽ ዳሽ ዩዘር»። ከርነሉ ዩኤስአር ሎካል ሼር ውስጥ ገባ፣ ተማሪው ከማውጫው መርጦ ይከፍተዋል። የቬንቩን ቢን በኢቲሲ ፕሮፋይል በኩል ከሁሉም ዩዘር ፓዝ (ኮማንድ የሚፈለግባቸው ፎልደሮች ዝርዝር) መጨረሻ ላይ ጨመርኩት። መጀመሪያ ላይ ማድረጉን ፈራሁ።

እንደ አዲስ በተጫኑት ላይ ሁሉም ይሠራል። ከ20.04 ተሻሽለው በመጡት ላይ ግን ተርሚናል ላይ «ጁፒተር» ስል «ሞጁሉ አልተገኘም» ይላል። ፓኬጁ እኮ አለ! በሙሉ መንገዱ ስጠራው ይከፍታል።

#16 የዳታ_ልጅ

«ዊች ዳሽ ኤ ጁፒተር» በልና የሚያወጣውን ሁሉ ለጥፍልን።

#17 የላብ_ኃላፊ

ሁለት አወጣ። የመጀመሪያው ዩኤስአር ሎካል ቢን ውስጥ፣ ሁለተኛው ኦፒቲ ውስጥ።

#18 ሰርቨር_ጠባቂ

አገኘኸው። የመጀመሪያው የድሮው ሱዶ ፒፕህ ነው። የፋይሉን የመጀመሪያ መስመር በ«ሄድ» እየው፣ ዩኤስአር ቢን ፓይተን3 ይላል። ያኔ እሱ 3.8 ነበር፣ ዛሬ 3.12 ነው። ስክሪፕቱ አዲሱን ፓይተን ይጠራል፣ ፓኬጁ ግን በ3.8 ፎልደር ውስጥ ቀርቷል። ቢኑን ፓዝ መጨረሻ ላይ ማድረግህ ትክክል ነው፣ አታዛውረው። መጽዳት ያለበት አሮጌው ነው።

መጀመሪያ «ፒፕ ሊስት ዳሽ ዳሽ ፓዝ» ብለህ ዩኤስአር ሎካል፣ ሊብ፣ ፓይተን 3.8፣ ዲስት-ፓኬጅስን ስጠው፣ ምን ምን እንዳለ ይዘረዝርልሃል። ዝርዝሩን አስቀምጠው። ከዚያ ያንን የ3.8 ፎልደር አጥፋ፣ ሲስተሙ አይፈልገውም። ቀጥሎ ዩኤስአር ሎካል ቢን ውስጥ ከነዚያ ፓኬጆች የመጡትን ስክሪፕቶች አንድ በአንድ አውጣ። በጅምላ አታጥፋ፣ ሌላ ሰው በእጁ ያስቀመጠው ነገር ሊኖር ይችላል። ሲያልቅ «ሃሽ ዳሽ አር» በል ወይም ተርሚናሉን ዘግተህ ክፈት፣ ባሽ የድሮውን መንገድ ያስታውሳል።

ተማሪዎቹም ሆማቸው ውስጥ የ3.8 ነጥብ-ሎካል ይኖራቸዋል። እሱን እነሱው ያጥፉት፣ አንተ አትንካባቸው።

#19 የላብ_ኃላፊ

ሠርቷል ጋሼ። እግዜር ይስጥልኝ። የቀሩትን ማሽኖች ሰኞ እጨርሳቸዋለሁ።

#20 አዲስ_ገቢ

ይቅርታ፣ እኔ ዊንዶውስ ነኝ። የፓይተን ኢንስቶለሩ «ለሁሉም ዩዘር ጫን» የሚል ምርጫ አለው፣ ልምረጠው?

#21 የዳታ_ልጅ

የግል ላፕቶፕህ ከሆነ አያስፈልግህም። ሳትመርጠው ከተውከው አፕዳታ ውስጥ ለአንተ ብቻ ይጭነዋል፣ ለፓይተኑ ራሱ አድሚን መሆን አያስፈልግህም። ከመረጥከው ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ ይገባል። ዊንዶውስ ራሱ በፓይተን ስለማይሠራ የሚሰበር ነገር የለም፣ ግን ከዚያ በኋላ ያለ አድሚን የምትጭነው ፓኬጅ ሁሉ ወደ ዩዘር ፎልደርህ እየሸሸ ይሄዳል፣ ሁለት ቦታ ይበተንብሃል። የዊንዶውስ ዩዘር ስምህ ግን በአማርኛ ፊደል የተጻፈ ወይም ስፔስ ያለበት ከሆነ አንዳንድ መሣሪያዎች መንገዱን ማንበብ ያቅታቸዋል። እንደዛ ከሆነ ሲ ድራይቭ ላይ አጭር ስም ያለው ፎልደር ክፈትና ቬንቭህን እዚያ አድርገው።